ቅጣት የሌለው ዕድር፦ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ አገራት ትብብር ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹን እኔ አልፈጠርኳቸውም። ፒያሳ ቡና ስጠጣ፣ አዘዞ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ የተጠየቅኳቸው ናቸው። "አንተ እንዲህ ያለ ነገር ታነባለህ" ይሉና ይጀምራሉ። በየጊዜው ከመመለስ አንድ ቦታ ልጻፋቸው ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስምምነቶቹ የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ ብለውጣቸው ማምታታት ይሆናል።

ይሄ ነገር እውነት ጎንደርን ይነካል ወይስ የቴሌቪዥን ወሬ ነው?

ይነካል። ግን ክፉ ዓመት በመጣ ቁጥር በሱ ማላከክም ልክ አይደለም። ድርቅን አያቶቻችንም ያውቁታል።

አዲሱ ነገር ምድር መሞቋ ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እንዳለው 2024 መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ እጅግ ሞቃቱ ዓመት ነው። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከነበረው ሙቀት በ1.55 ዲግሪ ገደማ በልጧል። አየር አንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲደርቅ መሬቱን ይመጥጠዋል፣ ሲዘንብ ደግሞ ያን ሁሉ ባንዴ ይዘረግፈዋል። በ2023 ጃን አሞራ፣ ጠለምትና በየዳ በድርቅ ተመቱ። በ2006 ክረምት ደግሞ ፎገራና ደምቢያ በጎርፍ ተጥለቅልቀው ነበር። ሁለቱም የኛው ሰፈር ናቸው። አንዱን ዓመት ነጥሎ "ይሄ በሙቀቱ ነው" ማለት ይከብዳል። እንዲህ ያሉት ዓመታት ሲደጋገሙ ግን ዝም ማለት ይከብዳል።

ወባም አለች። በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋዎች የተሠራ፣ በ2014 የታተመ ጥናት በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ እንደምትወጣ አሳይቷል። ደጋ ነው ብሎ አጎበር የማያውቅ ሰው ሊያስብበት ይገባል።

ችግኝ በየዓመቱ እየተከልን አይደል? አይበቃም?

ለአንገረብ ሊበቃ ይችላል። ለሰማዩ አይበቃም።

ለያይቼ ላስረዳ። ለጎንደር ውሃ የሚሰጠውን የአንገረብን ግድብ ደለል እየሞላው ነው። ከበላዩ ያለው ኮረብታ ሲራቆት ክረምቱ አፈሩን ጠርጎ ያወርደዋል። ከዚያ ውሃ በፈረቃ ይሆናል፣ ጀሪካን ይሰለፋል። እዚያ ኮረብታ ላይ ዛፍ ብንተክል፣ እርከን ብንሠራ ትርፉ የራሳችን ነው። የማንም አገር ፊርማ አያስፈልገውም።

ከነዳጅና ከከሰል ጭስ ወጥቶ ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ ግን ሌላ ነው። አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። በ2019 በአንድ ቀን ተተከለ የተባለው ችግኝ ከ350 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሁሉም ጸደቀ እንበል። አድጎ እያንዳንዱ ዛፍ በዓመት 20 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወሰደ እንበል። ይህ ለጋስ ግምት ነው። ድምሩ 7 ሚሊዮን ቶን ይሆናል። ዓለም ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከመሳሰሉት በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ይለቃል። ስታካፍሉት የዚያ ሁሉ ደን የዓመት ሥራ የዓለምን ጭስ የሚያካክሰው ለአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ነው።

መጀመሪያ ያሰላሁት ቀን ተሳሳትኩ ብዬ እንደገና አሰላሁት። ያው ነው።

ይህን የምለው ችግኝን ለማጣጣል አይደለም። እኔም እተክላለሁ። ግን ከቤጂንግ ወይም ከቴክሳስ የወጣ ጋዝ በዓመት ጊዜ ውስጥ ራስ ዳሸን አናት ላይ ካለው አየር ጋር ይቀላቀላል። ከፊሉም ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። የራስን ጓሮ ማጽዳት ብቻውን የማያድንበት ምክንያት ይሄ ነው።

ታዲያ ጭሱ የነሱ ከሆነ እኛ ለምን እንተባበራለን? እነሱ ይወጡት።

አጎቴ ከደምቢያ ሲመጡ ሁልጊዜ የሚያነሱት ይሄን ነው። "ልጄ፣ እኔ ያለችኝ አንዲት ምድጃ ናት" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እስከ ዛሬ ከተለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ነው። የመላው አፍሪካ ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ነው። አሁን በየዓመቱ ከሚለቀቀው ደግሞ 30 በመቶ ያህሉ የቻይና ነው።

ግን "እነሱ ይወጡት" ብሎ መቀመጥም ዋጋ አለው። እነሱ ቢያቆሙና እኛ በድንጋይ ከሰል ብንጀምር ተመልሶ ያው ነው። እኛ ንጹሕ ብንሆንና እነሱ ባያቆሙ ደግሞ ድርቁ የኛ ነው። ማንም ብቻውን አይወጣውም።

ወንፈልን አስቡት። በወንፈል ሰው ሁሉ እኩል አያመጣም። ጥማድ በሬ ያለው በሬውን ይዞ ይመጣል። የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ይቆጠራል፣ ግን እኩል አይቆጠርም። በ1992 ሪዮ ላይ የተፈረመው የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ማዕቀፍ ስምምነትም ይህንኑ ነው የሚለው። ኃላፊነቱ የጋራ ነው፣ መጠኑ ግን እንደየአቅምና እንደየድርሻ ይለያያል። ዲፕሎማቶቹ በረጅሙ ጻፉት እንጂ የኛ ገበሬ ያውቀዋል።

አገራት መቼ ተባብረው ያውቃሉ? ይሄ ህልም አይደለም?

ህልም አይደለም። "ድር ቢያብር" የሚለውን ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ሦስት የሆኑ ነገሮችን ልንገራችሁ።

አንደኛው እዚሁ ነው፣ በየቀኑ በበሩ እናልፋለን። በ1953 ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ፈጀው። ሺዎች ሞቱ። በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ከመንግሥት ጋር የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ነበሩበት። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖች ገጠር ለገጠር ተበተኑ። በ1978 ደግሞ የሕክምና ፋኩልቲው ሲጀመር አጋሩ የምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ልብ በሉ፣ ጊዜው ቀዝቃዛው ጦርነት ነው። አሜሪካም ምሥራቅ ጀርመንም በየተራቸው እጃቸውን ያስገቡበት ግቢ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እርስ በርሳቸው አይዋደዱም ነበር። በሽታው ግን ርዕዮተ ዓለም አይጠይቅም።

ሁለተኛው የከብት ነገር ነው። ክፉ ቀን ሲባል የሰማ ሰው የደስታ በሽታንም ሰምቷል። (ስሙን ያወጣለት ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።) በ1887 እና በ1888 አካባቢ ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር መጣ ይባላል። የአገሪቱን ከብት ከ10 ዘጠኙን ያህል ጨረሰ። በሬ ሲያልቅ እርሻ አለቀ፣ ሰውም አለቀ። ያ በሽታ ዛሬ የለም። በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። አገራት ተስማምተው በአንድ ዘመቻ ስለከተቡ ነው የጠፋው። አንድ አገር ከብቱን ሁሉ ቢከትብ ጎረቤቱ ካልከተበ በግጦሽ ይመለስበታል። በ1990ዎቹ አፋር ውስጥ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ክትባት ተይዞ፣ ከአርብቶ አደሩ መሐል የሠለጠኑ ሰዎች በእግራቸው እየዞሩ ከተቡ። የዓለም ስምምነት በመጨረሻ የሚደርሰው እንዲህ በሰው እግር ነው።

ሦስተኛው ኦዞን ነው። ለአየር ንብረቱ ጉዳይ በጣም የሚቀርበውም እሱ ነው። የማቀዝቀዣና የሽቶ ርጭት ጋዞች የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚያጣራውን የኦዞን ሽፋን እየበሉት ነበር። በ1987 ሞንትሪያል ላይ ስምምነት ተፈረመ። ዛሬ 198 አባላት አሉት። ሽፋኑ እየዳነ ነው፣ በአብዛኛው ዓለም በ2040 ገደማ በ1980 ወደነበረበት ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። ለምን ሠራ? ምትክ ጋዝ ነበረ። አምራቾቹ ጥቂት ነበሩ። ለድሃ አገራት መቀየሪያ የሚሆን ፈንድ ተቋቋመ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አባል ካልሆነ አገር ጋር በነዚህ ጋዞች መነገድ ተከለከለ። ዕድሩ ቅጣት ነበረው ማለት ነው።

የፓሪሱ ስምምነትስ ቅጣት አለው?

የለውም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

በታኅሣሥ 2015 ፓሪስ ላይ የተስማሙት የሙቀቱን ጭማሪ ከ2 ዲግሪ በደንብ ዝቅ ለማድረግ፣ ከተቻለም በ1.5 ለመግታት ነው። ለዚህ እያንዳንዱ አገር መዋጮውን ራሱ ይጽፋል። በየአምስት ዓመቱ ያሻሽለዋል። ምን እንደሠራ ሪፖርት ያቀርባል። ባይፈጽምስ? ይታፈርበታል። በቃ።

አጎቴ የሰፈራቸው ዕድር ዳኛ ናቸው። ይህን ስነግራቸው "ቀሪ የሚመዘግበው ማነው?" አሉኝ። ሁሉም የራሱን ይመዘግባል አልኳቸው። ሳቁ። "እንዲህ ያለ ዕድር ሬሳ አያነሳም" አሉ።

ግን እዚህ ላይ ከአጎቴ ጋር አልስማማም። ከስምምነቱ በፊት ዓለም የሚሄድበት መንገድ በዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ 4 ዲግሪ የተጠጋ ነበር። አሁን ባሉት ፖሊሲዎች ትንበያው ከ3 ዲግሪ በታች ወርዷል። አሁንም ገደል ነው፣ ግን አነስ ያለ ገደል። ቅጣት ቢኖረው ደግሞ ብዙዎቹ ባልፈረሙ ነበር። በ1997 የኪዮቶ ፕሮቶኮል ላይ ለበለጸጉት አገራት ግዴታ ተጥሎ ነበር። አሜሪካ አላጸደቀችውም። ካናዳ ኋላ ላይ ወጣች።

አሜሪካ ወጥታለች ይባላል። ታዲያ ምን ቀረ?

አንዴ ወጥታ ተመልሳ ነበር። በ2020 ወጣች፣ በ2021 ተመለሰች፣ በጥር 2025 እንደገና መውጣቷን አወጀች። ይጎዳል፣ በተለይ ገንዘቡን። ግን የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሳህንና ባትሪ በርክሷል፣ ዋናዋ አምራችም ቻይና ናት። ቅዳሜ ገበያ ሶላር የሚገዛ ሰው ስለ ፓሪስ ሰምቶ አይደለም፣ ዋጋው ስለቀነሰ ነው። ዋጋው የቀነሰው ደግሞ ጀርመንን የመሳሰሉ አገራት ገና ውድ እያለ በድጎማ ስለገዙት፣ ቻይናም ምርቱን ስላስፋፋችው ነው። ሳይፈራረሙ የተባበሩበት ነገር በሉት።

የተባለው ገንዘብስ የት ደረሰ?

በ2009 ኮፐንሃገን ላይ ሀብታም አገራት በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለታዳጊ አገራት እናደርሳለን አሉ። ያኔ በአፍሪካ ስም የተደራደሩት አቶ መለስ ዜናዊ ነበሩ። መጠኑ የተሟላው በ2022 ነው፣ ሁለት ዓመት ዘግይቶ። ከመንግሥታት ከመጣው ውስጥም አብዛኛው ብድር ነው። ጎረቤትህ ቤትህን አቃጥሎ ማሠሪያ በወለድ ሲያበድርህ አስበው። በ2024 ባኩ ላይ ደግሞ በ2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ተስማሙ። ታዳጊ አገራቱ ተቆጥተው ነው የወጡት።

የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ የሚባል ሌላ አለ። በ2022 ሻርም ኤል ሼኽ ላይ ተወሰነ፣ በ2023 ዱባይ ላይ ሥራ እንዲጀምር ተስማሙበት። ያኔ ቃል የተገባው 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለአንድ ትልቅ ጎርፍ እንኳ አይበቃም። ቢሆንም "ጉዳቱን የሚክስ መኖር አለበት" የሚለው ነገር በጽሑፍ መስፈሩን ቀላል አላደርገውም። ለዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ተለምኗል።

አንበጣውም የዚሁ ነው?

ከፊሉን አዎ። ታሪኩ ደግሞ ደንበር ምን ያህል ወረቀት ላይ ብቻ እንደሆነ ያሳያል። በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች፣ መኩኑና ሉባን፣ የዓረብን በረሃ አረጠቡት። ሰው በማይደርስበት በረሃ አንበጣው ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ። ከዚያ የመን ገባ። የመን ውስጥ ጦርነት ስለነበር የሚረጭለት አልተገኘም። በ2019 ወደ እኛው የአፍሪካ ቀንድ ተሻገረ። ወሎ ላይ የደረሰ ሰብል በላ። ኢትዮጵያ በ25 ዓመት፣ ኬንያ ደግሞ በ70 ዓመት እንዲህ ያለ አላዩም ተባለ። መንጋው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው መንጋ በቀን የ35 ሺህ ሰው ያህል ይበላል። ገና ክንፍ ሳያወጣ ካልተረጨ በኋላ ለገበሬው የሚቀረው ቆርቆሮ እየደበደበ ማባረር ነው።

ሰላም በሌለበት ስለ አየር ንብረት ማውራት ቅንጦት አይሆንም?

የመንን አሁን አይታችኋል። እዚያ ያልቆመ ጦርነት እዚህ የወሎን ገበሬ ማሽላ አስበላው። እኛም ጋ መንገድ ሲዘጋ የግብርና ባለሙያውም፣ ምርጥ ዘሩም፣ የዝናብ መለኪያውን የሚያነበው ሰውም ይቀራሉ። ስለዚህ ቅንጦት አይመስለኝም። ሰላሙ ግን ይቀድማል ለሚለኝ አልከራከርም።

ከሱዳንና ከግብፅ ጋር በውሃ እየተጣላን ስለ ምን ትብብር ነው የምታወራው?

ስለዚሁ ነው። ጥምቀት ላይ የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው የቀሃ ውሃ ወደ መገጭ ይገባል። መገጭ ጣና ይገባል፣ ከጣና ዓባይ ይወጣል፣ ካርቱምን አልፎ አስዋን ይደርሳል። ማደሪያ የለውም።

የዓየሩ ለውጥ የዚህን ወንዝ ጠባይ ያባብሰዋል። የሞላው ዓመት ይበልጥ ይሞላል፣ የጎደለውም ይበልጥ ይጎድላል ተብሎ ይፈራል። በመስከረም 2025 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ይህን ማለዘብ ይችላል። ለዚያ ግን የላይኛው ምን ያህል እንደለቀቀ፣ የታችኛው ምን ያህል እንደያዘ መነጋገር አለባቸው። በየቀኑ፣ በቁጥር። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ ውሏል፣ ግብፅና ሱዳን ግን አልገቡበትም። ማን ምን ያህል ድርሻ ይኑረው የሚለው ክርክር ይቀጥል። ጎርፍ ሲመጣ መደዋወል ግን ድርሻ አያስነካም።

በነገራችን ላይ ቋራ ያለው የአላጣሽ ፓርክና የሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ይዋሰናሉ። በ2016 አላጣሽ ውስጥ አንበሶች በካሜራ ታይተዋል። እነሱ ቪዛ ሳይጠይቁ ይመላለሳሉ።

የዝናብ ትንበያው ከየት ነው የሚመጣው?

ይህን የጠየቀኝ አንድ ሹፌር ነው፣ በጣም የምወደውም ጥያቄ ነው። በመላው ዓለም ያሉ ጣቢያዎች መሣሪያ ያንጠለጠለ ፊኛ ባንድ ሰዓት ወደ ሰማይ ይለቃሉ። በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ። ሩሲያም አሜሪካም። መረጃውን ይለዋወጣሉ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜም ይለዋወጡ ነበር። ብቻውን የሚተነብይ አገር የለም። የራሱን ሰማይ ብቻ ያየ ነገ ምን እንደሚመጣበት አያውቅም።

ክረምታችንን ከሚያዳክሙት አንዱ ኤል ኒኖ፣ ማለትም የባሕር ውሃ ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ የሚጀምረው ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ነው። እዚያ መሐል ላይ የታሰሩ ተንሳፋፊ መለኪያዎች የውሃውን ሙቀት ይልካሉ። በ2015 ኤል ኒኖ ሲጠነክር ኢትዮጵያ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ዕርዳታ ፈለገ። ግን እንደ 1984 እና 1985 አላለቀም። ቀድሞ መታወቁም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። እነዚያን መለኪያዎች በዋናነት የምታንሳፍፈው አሜሪካ ናት፣ ጃፓንም ድርሻ ነበራት። በጀታቸው ሲቆረጥ ጃን አሞራ ያለ ገበሬ ይመለከተዋል፣ ባይሰማም።

እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?

ከአንገረብ በላይ ያለውን ኮረብታ አትልቀቁት። ከሰል መግዛት ቀንሱ። ከዚህ በላይ የጥፋተኝነት ሸክም አትሸከሙ፣ ሸክሙ የናንተ አይደለም።

ኮፕ 32 አዲስ አበባ ይመጣል ሲባል ሰማሁ። ለኛ ምን ይፈይዳል?

አዎ፣ ኮፕ አገራቱ በየዓመቱ ስለ አየር ንብረት የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ነው፣ የአዲስ አበባው በ2027 ነው። ሆቴሎች ይደሰታሉ፣ መንገድ ይዘጋል። ግን አስተናጋጅ አገር አጀንዳው ላይ ድምፁ ከፍ ይላል። እኔ ብጠየቅ ሦስት ነገር አስይዝ ነበር። ገንዘቡ በብድር ሳይሆን በስጦታ ይሁን፣ ከዚያም ውስጥ ወረዳ ድረስ የሚወርደው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። የአየር መለኪያ ጣቢያ በሌለባቸው የአፍሪካ ወረዳዎች ጣቢያ ይተከል። ሦስተኛው የአጎቴ ነው፦ ቀሪ የሚመዘግብ ሰው ይመደብ።